የእንግዳው መድኃኒት

አገሬን የለቀቅኩ ማታ ወደ ቦሌ የሄድነው በእግራችን ነው። ቤታችን ገርጂ ስለሆነ አይርቅም፤ ሻንጣዬን ከታናሽ እህቴ ከሰላም ጋር በየተራ ተሸከምነው። አውሮፕላን በጣራችን ላይ ሲያልፍ እየሰማን ነው ያደግነው። አንድ ቀን ተሳፍሬ እሄዳለሁ ይል የነበረው ግን ታላቅ ወንድሜ ብሩክ ነው፤ እኔ አልነበርኩም።

እማዬ በሩ ላይ አቀፈችኝና፣ "እዚያ ሄደህ ስለ ብሩክ ለማንም እንዳታወራ፤ ስለ ሰላምም" አለችኝ። ስንቄ ይኸው ነበር።

እናንተ ግን ወገኖቼ ናችሁ፤ ልንገራችሁ። ብሩክ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ሰፈር እንዳይሰማ ክኒኑን የምንገዛው ፒያሳ ድረስ ሄደን ነው። የጋሽ ጌቱ መድኃኒት ቤት እኮ አጠገባችን ነው፤ ስልክ እንኳ የሚደወልልን እሳቸው ጋ ነው። አንድ ፋሲካ ክኒኑ አለቀ። ፒያሳ ተዘግቷል፤ ሐኪሙም ለበዓል ወደ አገሩ ሄዷል። እማዬ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ጋሽ ጌቱ ጋ ገባች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ።

"ለማን ነው እትዬ አስካለ?"

"ከገጠር ለመጣ እንግዳ ነው።"

"ማዘዣ አለው?"

"ረስቶት መጣ።"

"እንግዲያው እንግዳውን ያምጡልኝና ልየው። ይህ መድኃኒት ላላየሁት ሰው የሚሰጥ አይደለም።"

ጋሽ ጌቱ ብሩክን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቁታል። ስሙን ብትጠራ... አልጠራችም። "ይተዉት" ብላ ወጣች። በማግስቱ ብሩክን ብቻውን ሳለ ጣለው፤ አልተነሣም። ለለቀስተኛው "ድንገት ነው" ተባለ። ከዓመት በኋላ በሽታው ሰላምን ጀመራት። እማዬ አሁንም ፒያሳ ትመላለሳለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ "ሰው ከሰማ ማን ያገባታል?" ትላለች።

ለንደን ስደርስ ያነጋገረኝ የስደተኞች ጉዳይ ሹም በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

"ስንት ወንድም አለህ?"

"አንድ።"

"የት ነው?"

"ተቀብሯል።"

"ስለዚህ ወንድም የለህም።"

"አለኝ። ተቀብሯል።"

አስተርጓሚው የአገሬ ልጅ ነው፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ወንድሜ፣ የለኝም በልና እንገላገል፤ ምሳ ሰዓት ደርሷል" አለኝ። የለኝም አልኩ። እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ሚስተር አንድሪያስ የሚባሉ አንድ የቆጵሮስ ሽማግሌ ቤት ክፍል ተከራየሁ። የዚህ አገር ዝናብ እንደኛ ክረምት ተቆጥቶ ወርዶ አይወጣለትም፤ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውላል። ዳቦው ጥጥ ነው። ሽማግሌው ደግሞ ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ "ሽንኩርት አትጥበስ፤ መጋረጃዬ ይሸታል" አሉኝ።

"ያለ ሽንኩርት እኮ ወጥ የለም።"

"ታዲያ ሳንድዊች ብላ! ሳንድዊች ማንን ገደለ?"

አንድ ቀን፣ እነሱ ባንክ ሆሊደይ የሚሉት በዓል ነው፣ "ክኒኔ አልቋል፣ ሐኪሜም ዘግቷል፤ ና ደግፈኝ" አሉኝ። ፋርማሲው ውስጥ ሰው ተሰልፏል። ሽማግሌው ገና ከበሩ ጮኹ። "እኔ የሚጥል በሽታ አለብኝ! ክኒኔ አልቋል!"

እኔ በሳቸው ፈንታ አፈርኩና ዞር ብዬ ሰዉን አየሁ። አንዲት ሴትዮ ሳሙና ታሸታለች። ዞሮ ያየን የለም።

ፋርማሲስቷ ሕንዳዊት ናት። ማን እንዳዘዘላቸው፣ በቀን ስንት እንደሚወስዱ፣ የመጨረሻውን መቼ እንደዋጡ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ከዚያ የአምስት ቀን ሰጠቻቸው። "ሕጉ ከዚህ በላይ አይፈቅድልኝም" አለች። በክኒኑ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ስም አነበብኩት። የብሩክ ክኒን ነው።

"ያለ ማዘዣ?" አልኩ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።

"ይህን ዓይነት መድኃኒት ያለ ማዘዣ አንሰጥም። ለሚጥል በሽታ ብቻ ተፈቅዷል፤ ድንገት ከተቋረጠ ሊገድል ይችላል። ግን በሽተኛውን ራሱን አግኝቼ ማነጋገር አለብኝ።"

በሽተኛውን ራሱን። ጋሽ ጌቱስ ሌላ ምን አሉ? ይህን ሁሉ ጊዜ እሳቸውን ነበር የጠላሁት። አሁን ማንን ልጥላ? ቆሜ ቀረሁ።

ሚስተር አንድሪያስ እጅጌዬን ጎተቱኝ። "ምን ሆንክ? የታመምኩት እኮ እኔ ነኝ!"

እሑድ ካርድ ገዝቼ ደወልኩ። እሑድ እሑድ እማዬ ጋሽ ጌቱ ጋ ሆና ስልኬን ትጠብቃለች።

"ሰላም የት ናት?"

"ደጅ ቆማለች።"

"እማዬ፣ ለጋሽ ጌቱ ንገሪያቸው። ሰላምን ይወቋት። አንድ ቀን ፒያሳ ቢዘጋ..."

"ብርዱ እንዴት ነው?"

"እማዬ!"

"ጃኬት ልበስ፤ ደረትህን እንዳይመታህ።"

"ለብሩክ መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ ይሰጡሽ ነበር።"

ከአፌ አመለጠኝ። በስልኩ ውስጥ አውሮፕላን ሲያልፍ፣ ቆርቆሮው ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። የሰፈሬ ድምፅ ነው። ከዚያ "ቆይ" አለች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማኝ።

"አቤት ልጄ" አሉ ጋሽ ጌቱ። "ምን ብለሃት ነው እናትህ የምታለቅሰው?"

"ጋሽ ጌቱ፣ ያኔ በፋሲካ እማዬ መድኃኒት የጠየቀችለት እንግዳ..."

"አዎ?"

"ብሩክ ነበር።"

ከኋላቸው እማዬ "ሰላም! ነይ ግቢ!" ብላ ስትጣራ ሰማሁ። ወዲያው ሌላ አውሮፕላን መጣና ሁሉንም ዋጠው፤ እኔ ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ እስኪያልፍ ጠበቅሁ።