ከጡሩምባው በኋላ ያለው ሳምንት

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል የእድራችን ጡሩምባ ነፊ የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት እየወረደ የሲስተር ጫልቱን ማረፍ ተናገረ። ታመው ስለቆዩ ዜናው ዱብ ዕዳ አልሆነብንም፤ ግን ከበደን። ሲስተር በጤና ጣቢያችን የበሽታዎች ቅኝት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። እኔ ደግሞ ከእሳቸው ሥር ሆኜ ሥራ የተማርኩ ነኝና፣ ለሚያውቋቸው ሁሉ ይህን መጻፍ የእኔ ድርሻ ነው ብያለሁ። በሕይወት እያሉ ሙገሳ አይወዱም ነበር። ዛሬ ሊቆጡኝ ስለማይችሉ የልቤን አሞግሳቸዋለሁ።

ሐኪም የታመመውን ሰው ያያል። እኛ ግን የታመሙት ሰዎች ከየት እንደመጡ፣ ምን እንደጠጡ፣ ምን አየር እንደተነፈሱ እየጠየቅን ምክንያቱን እንፈልጋለን። ሲስተር ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የሚናገሩት አንድ ነገር ነበራቸው፦ «አንድ ሰው ሲታመም ሰውየውን እዩ። ሰፈር ሲታመም ግን ሰፈሩን ዙሩ።» እሳቸውም ይዞሩ ነበር። የእንጦጦን ዳገት በዚያ ዕድሜያቸው ቀጥ ብለው ሲወጡት እኔ ከኋላ እያለከለክሁ እከተላለሁ። ዞር ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ ሳንባሽን ቢሮ ረሳሽው እንዴ?» ይሉኛል። እንዲህ ሲሉኝ እበሽቅ ነበር፤ አሁን ግን ምነው ደግመው ባሉኝ እላለሁ።

ሊነገርላቸው የሚገባውን ትልቁን ሥራ የሠሩት ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምት ላይ ነው። ከኛ ሰፈር ትውከትና ተቅማጥ ይዟቸው የሚመጡ ሰዎች በዙ። ደግሞም አብዛኞቹ አዛውንቶች ናቸው። ይበዛሉ፣ ይጠፋሉ፣ እንደገና ይበዛሉ። የቧንቧውን ውሃ አስመረመርን፤ ንጹሕ ነው። ግራ ገብቶን ተቀምጠን ሳለ አንድ ማለዳ ጡሩምባ ተሰማ። ሲስተር ይጽፉበት የነበረውን እስክሪብቶ አስቀምጠው፣ «ያለፈው ጊዜም እንዲህ ተነፍቶ አልነበር ሰው የታመመው?» አሉ። መዝገቡን ወደኋላ ሄደን ስናየው እውነትም በሽታው የሚመጣው ለቅሶ በተቀመጥን ሳምንት ነው።

እኔ ወዲያው ጥፋቱን በንፍሮው ላይ አደረግሁ። እሳቸው ግን ለመፍረድ አይቸኩሉም። ድንኳን ውስጥ የነበረውን ሰው ቤት ለቤት እየሄዱ ማነጋገር ጀመሩ። አጠያየቃቸውን ለዘላለም አልረሳውም። «ምን ጠጡ?» ብለው አይጀምሩም ነበር። «ድንኳኑ ውስጥ ከማን አጠገብ ተቀመጡ?» ነበር ጥያቄያቸው። ለቅሶ ላይ የጠጣውን የሚያስታውስ የለም፤ አጠገቡ ማን እንደነበረ ግን ሁሉም ያስታውሳል፣ ማን እንደቀረም ጭምር። እንዲህ እንዲህ እያሉ ድንኳኑን ከነሰዉ በወረቀት ላይ መልሰው ተከሉት። በአልጋ ላይ የወደቁ እናት ሲያገኙም ጥያቄውን ትተው፣ የተቅማጥ ማከሚያውን ዱቄት በጥብጠው በማንኪያ እያጠጡ አጠገባቸው ይቀመጣሉ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ እሳቸው ማንኪያውን።

የታመሙት ፊት ለፊት የተቀመጡት ነበሩ፤ አዛውንቱና የተከበረው እንግዳ። ንፍሮውንማ ሁሉም በልቶታል። ደጅ ቆመው ከሱቅ የታሸገ ውሃ የጠጡት ወጣቶች ምንም አልሆኑም። ፊት ለፊት ለተቀመጡት ግን ስለክብራቸው የቀረበላቸው የምንጭ ውሃ ነበር። ምንጩ ከመንደሩ በላይ፣ የእድሩ ዳኛ የአቶ ደበላ አባት በድንጋይ ያስገነቡት፣ ብርዱ ጥርስ የሚነቅል፣ ጥርት ያለ ውሃ ነው። በዘወትር ቀን የቧንቧ ውሃ እንጠጣለን። ለቅሶ ሲሆን ግን «ለሽማግሌዎች ከምንጩ ይቀዳ» ይባላል። ሰዉን ያሳመምነው በአክብሮታችን ነበር።

ሲስተር ይህን በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥተው ተናገሩ። የምንጩን ውሃ አስመርምረው ስለነበር፣ በሰገራ መበከሉን የሚያሳየውን የላቦራቶሪ ውጤትም አነበቡ። አቶ ደበላ ፊታቸው ጠቆረ። «ወረቀት የፈለገውን ይበል፤ ውሃው ይኸው እንደ መስታወት ነው። የአባቴን ምንጭ በሽታ ነው ካሉ የእድሩን ስም አጥፍተዋል፤ ከአባልነት እንሰርዝዎታለን። ያኔ ማን ይቀብርዎታል?» አሏቸው። የሲስተር ባለቤት ቀድመዋቸው አርፈዋል፤ ልጅም አልነበራቸውም። ያ እድር ነበር ዘመዳቸው።

ሲስተር ነጠላቸውን አስተካክለው በረጋ ድምፅ መለሱ፦ «መሰረዙ የእናንተ ፈንታ ነው። ማንም ይቅበረኝ። ሊቀብረኝ የመጣ ሰው ግን ታሞ አይመለስ።»

እኔ ደሜ ፈልቶ ልናገር ስነሣ እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። «ተቀመጪ። ልናሸንፋቸው አልመጣንም፤ ውሃውን እንዲተዉት ነው የመጣነው» አሉኝ በጆሮዬ። በመጨረሻ ስብሰባው ውሳኔውን ለሚቀጥለው እሑድ አስተላለፈና ተበተነ።

በዚያው ሳምንት ሲስተር ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ አግኝተው፣ ለሰውም ለከብትም የማይጎዳ ደማቅ አረንጓዴ ቀለም አመጡ። ከምንጩ ከፍ ብሎ፣ ከጋሞ የመጡ አንድ ሸማኔ ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። ሲስተር አስፈቅደዋቸው፣ አቶ ደበላና ሽማግሌዎቹ ቆመው እያዩ፣ ቀለሙን በሸማኔው መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ከብዙ ውሃ ጋር ደፉት። ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አደረ። በማግስቱ ጠዋት ሁላችንም ምንጩ ዘንድ ተሰበሰብን። ከድንጋዩ አፍ የሚወርደው ውሃ አረንጓዴ ነበር።

አቶ ደበላ ቁጢጥ ብለው እጃቸውን ከውሃው ሥር ዘረጉና መዳፋቸውን አዩት። እኔ ሲስተር «አላልኩም?» እስኪሉ እጠብቅ ነበር፤ እኔ ብሆን እለው ነበራ! ሲስተር ግን አቶ ደበላ አጠገብ ሄደው በኦሮምኛ ቀስ ብለው አነጋገሯቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለሁላችንም፣ «ምንጩ አልበደለም። አባታቸው ሲያሠሩት ከላይ ያለው ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር። እኛ ነን በዝተን ከላዩ የሰፈርነው» አሉ።

ይሄኔ አንዳንዱ ፊቱን ወደ ሸማኔው አዞረ። «ከዚህ ይነሡልን» የሚል ድምፅም ተሰማ። ሲስተር እንደ ወትሮው ቀጥ ብለው ዳገቱን ወጡና የሸማኔው ደጃፍ ላይ ቆሙ። «እኚህ ሰው ጉድጓድ የቆፈሩት እንደ ማናችንም ነው። መቆጣት ከሆነ እኔም እችላለሁ፤ ይልቅ አካፋ ይዛችሁ ኑ» አሉ። የመጀመሪያውን አካፋ ይዘው የመጡት አቶ ደበላ ነበሩ። እድሩ ለሸማኔው ከምንጩ የራቀ፣ ዙሪያው በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ሠራላቸው። ዛሬ ሸማኔው የእድራችን አባል ናቸው፤ በሲስተር ቀብር ዕለትም ከአስከሬኑ ተሸካሚዎች አንዱ ነበሩ። መሰረዝ የሚለውን ነገር ዳግመኛ ያነሣው የለም።

ምንጩ አሁን ለልብስ ማጠቢያና ለችግኝ ነው። እድሩ የቧንቧ ውሃ በፈረቃው ቀን የሚሞላበት ታንከር አለው። ሰው ሲያርፍ፣ ጡሩምባው ከመነፋቱ በፊት የታንከሩ ውሃ በክሎሪን ይታከማል። ይህን ሥራ አቶ ደበላ ለማንም አይሰጡም። በየካ ያሉ ሌሎች እድሮችም እየመጡ አይተው ሄደዋል፤ በየሰፈራቸውም እንደኛው ያደርጋሉ። ስንት ሰው ሳይታመም እንደቀረ አናውቅም። ያልታመመ ሰው ጤና ጣቢያ አይመጣም፣ አመሰግናለሁም አይልም። የሲስተር ሥራ እንዲህ ምስጋና የሌለው ሥራ ነበር፤ እኔም የምኮራው በዚሁ ነው።

ሲስተር ጫልቱ፣ እንግዲህ የመጨረሻውን ወሬ ልንገርዎት። ማክሰኞ ማለዳ፣ ጡሩምባው ሳይነፋ፣ አቶ ደበላ ባትሪ ይዘው ታንከሩ ላይ ወጥተው ነበር። ዕንባቸው እየወረደ ክሎሪኑን ሲለኩ አይቻለሁ። ድንኳንዎ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ከሲ.ኤም.ሲ ድረስ የመጡ የድሮ ባልደረቦችዎ ሁሉ ከዚያው ውሃ ጠጡ። እኔም ፊት ለፊት ተቀምጬ ጠጣሁ። ከአጠገቤ ማን እንደነበረ ቢጠይቁኝ እነግርዎታለሁ።

ከዚያ እንዳስተማሩኝ ሳምንቱን ጠበቅሁ። ዛሬ ጠዋት ሪፖርቱን ሠራሁ። ከሰፈራችን በተቅማጥ የመጣ አንድም ሰው የለም። ሊቀብርዎት የመጣ ሰው ታሞ አልተመለሰም። ሁላችንም ደህና ገብተናል፤ እርስዎም ደህና ይግቡ።