የማትሪኩ ዓመት እራት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ማርታ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ከሥራ ወጥታ ታክሲ ውስጥ ስለነበረች የረዳቱ ጩኸት ከድምጿ በላይ ይሰማኝ ነበር። «እማ፣ ቶሎ የሚደርስ እራት ንገሪኝ፤ በጣም ደክሞኛል» አለችኝ። ቲማቲምና ቃሪያ ከትፋ፣ ትንሽ ካቁላላች በኋላ እንቁላል እንድትመታበት ነገርኳት። «ይኼማ ቁርስ ነው» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ቶሎ የሚደርስ እራት ሲባል ግን ሐሳቤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ዓመት ይሄዳል፤ ቦንጋ አስራ ሁለተኛ ክፍል ወደተማርሁበት፣ እናቴ ወደ ደካ ወደተዛወረችበት ዓመት።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። መሥሪያ ቤቶች እንደ አዲስ እየተዋቀሩ ሠራተኛው ከዚህ ወደዚያ ይዛወራል። እናቴ ነርስ ነበረች፤ ከተማው ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። የካፋ ልጅ ናት። አባቴ ደግሞ በወጣትነቱ ከሸዋ ለእርሻ ሥራ ተመድቦ መጥቶ፣ እሷን አግብቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። በየካቲት ወር እናቴ በጌሻ ወረዳ፣ ደካ ውስጥ ወደተከፈተ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ታዘዘች። ጣቢያው አዲስ በመሆኑ ከእሷ ሌላ የሚያዋልድ ሰው አልነበረውም። «ለጊዜው ነው፣ ሰው እስኪቀጠር» ተባለች።

ከመሄዷ በፊት በነበረው እሁድ ወጥ ቤት ውስጥ አስቀመጠችኝና ትልቅ ድስት ሙሉ ቁሌት አብረን ሠራን። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት እስኪጠወልግ ስናማስል ሁለታችንም ዓይናችን ያለቅስ ነበር፤ ከሽንኩርቱ ብቻ አልነበረም። «እንዲህ እያደረግሽ እሁድ እሁድ አዘጋጂ። በየማታው ትንሽ ቀንሰሽ ሽሮ ብትጨምሪበትም፣ ድንች ብትከትፊበትም ይሆናል። ጥናትሽን እንዳይሻማሽ» አለችኝ። እንጀራውን ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ከራሷ ጋር ልትጋግርልን ተስማማች። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና ካገኘች እየመጣች ልታየን ቃል ገብታ ሄደች።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ከብዶኝ አልነበረም። እንዲያውም ኩራት ነገር ተሰምቶኝ ነበር። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርሁ ከትምህርት ቤት የምወጣው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ታናሽ ወንድሜን ታምሩን ከእትዬ ብርቄ ቤት ወስጄ፣ ደብተሬን ወርውሬ እሳት አነድዳለሁ። ቁሌቱ ላይ ሽሮ ስነሰንስ፣ የተረፈ እንጀራ ስፈረፍር፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ እትዬ ብርቄ የሰጠችኝን ቆጮ በስሱ ጠፍጥፌ ብረት ምጣድ ላይ ሳገላብጥ፣ አባቴ ከመሥሪያ ቤት ይገባል። ከቆጮው ጋር ጎመን በኮረሪማ ካለ ታምሩ ጣቱን ይልሳል።

መጋቢት ሲገባ ግን ዝናቡ መጣ። የካፋ ዝናብ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። እንጨቱ እርጥብ ይሆናል፣ ቀዩ ጭቃ ከጫማ ላይ አይለቅም፣ ጉሙ ከጫካው ወርዶ ደጃፋችን ድረስ ይተኛል። የደካ መንገድም ተበላሸ። እናቴ አንድ ቅዳሜ ቀረች፣ ከዚያ ሌላ ቅዳሜ፣ ከዚያ መጠበቁን ተውን። የከተማው መብራት በጄኔሬተር ስለነበር የሚመጣው ሲመሽ ነው፣ የሚጠፋውም ብዙ ሳይቆይ። መብራት ያለበት ሰዓትና እራት የሚሠራበት ሰዓት አንድ ነበር። እርጥብ እንጨት ስነፋ፣ ሳበላ፣ ሳጥብ ቆይቼ የሒሳብ ደብተሬን ስገልጥ አምፖሉ ይደክምና ድርግም ይላል። ማትሪክ ደግሞ ግንቦት ላይ ነው።

አንድ ማክሰኞ አባቴ ሳይናገር እንግዳ ይዞ መጣ። አዲስ የተመደበ አለቃው ነው፤ ጋሽ ለማ ይባላል። ቁሌቱ አልቋል፣ እንጀራም የለም፤ እትዬ ብርቄ ለቅሶ ሄዳለች። ቤት ውስጥ የነበረው ጎደሬ ብቻ ነው። ልጬ፣ ቶሎ እንዲደርስ ብዬ በትንሽ በትንሹ ቆርጬ ጣድኩት። እሳቱ አልነድም አለ። አባቴ ሁለት ጊዜ ከበሩ ላይ «አልደረሰም?» አለኝ። በሹካ ስወጋው የለሰለሰ መሰለኝና አውጥቼ ቅቤና ሚጥሚጣ አድርጌበት አቀረብሁ።

ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ያሳክካል። ጋሽ ለማ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደጎረሰ አሳለው፣ ከዚያ ውሃ ጠየቀ፣ ከዚያ ዓይኑ ቀላ። ታምሩ ምላሱን አውጥቶ ማልቀስ ጀመረ። እንግዳው በጨዋነት «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» እያለ ጉሮሮውን ይዞ ወጣ። አባቴ ሸኝቶት ሲመለስ ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢጮህ በተሻለኝ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ቀስ ብሎ «ዘንድሮ ፈተናው ይቅርብሽ» አለኝ።

«ምን?»

«ቤቱ ሰው ይፈልጋል። ሁለቱንም አልቻልሽም፤ አልፈርድብሽም። እናትሽ ስትመለስ በሚመጣው ዓመት ትወስጃለሽ።»

«አባዬ፣ በሚመጣው ዓመትስ ባትመለስ?»

ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ። ሳህኖቹን ሰብስቤ ወጥ ቤት ገባሁና ታምሩን ውሃ አጠጣሁት። ከክፍሌ ሴቶች ስንቶቹ በዚህ ዓይነት «የሚመጣው ዓመት» ብለው ቀርተው ባል እንዳገቡ አውቅ ነበር።

በማግስቱ ለእትዬ ብርቄ ነገርኋት። እሷም ነጠላዋን ደርባ ወጣችና ወደ ደካ የሚሄድ የጭነት መኪና ሾፌር ፈልጋ ለእናቴ በቃል መልእክት ላከች። እናቴ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደረሰች። መኪናው መንገድ ላይ ሰምጦ ብዙውን በእግሯ ነው የመጣችው፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አባቴ ፊት ቆመች።

«ልጅቷን ከትምህርት ልታስቀራት ነው?»

«እና ምን ላድርግ? ወጥ ልሥራ?»

«ብትሠራ ምን ትሆናለህ?»

አባቴ ወደ መስኮቱ ዞረ። «የመሥሪያ ቤቱ ሰው ምን ይለኛል?» አለ፤ ድምፁ የቁጣ ሳይሆን የልመና ነበር። እናቴ ጭቃዋን መጥረግ ጀመረች። ስትጨርስ «እንግዲያው እኔ እመለሳለሁ» አለች። ወደ ቦንጋ ለመዛወር ስትጠይቅ የቆየች ናት፤ ቦታ የለም እየተባለች። መመለስ ማለት ሥራውን መልቀቅ ማለት ነበር። እጇን ይዤ «እማዬ፣ አትተዪው» አልኳት። «አንቺ ተፈተኚ» አለችኝ። ደካ ሄዳ መልቀቂያዋን ሰጥታ፣ ዕቃዋን ይዛ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ እራት በሰዓቱ ይደርሳል። እኔ በመብራት አጠናለሁ፤ የሽንኩርቱ ጠረን ከወጥ ቤት እየመጣ። ደስታ ሊሰማኝ ይገባ ነበር።

አንድ ምሽት አንድ ገበሬ በራችንን አንኳኳ። ከደካ አካባቢ፣ ከጌሻ ገጠር ነው፤ ቦንጋ ማር ይዞ መጥቶ የሲስተርን ቤት አጠያይቆ ነው የደረሰው። በካፋዎች ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነበር የሚያወሩት፤ እኔ ከጠረጴዛዬ እሰማለሁ። ሚስቱ ልትወልድ ነው፤ የቀድሞውን ልጅ ስትወልድ ሞታ ነው የተረፈችው። ጤና ጣቢያው ተዘግቷል። «መቼ ነው የምትመለሺው?» አላት። እናቴ ቢላዋውን እንደያዘች ቆማ ነበር። እንደማትመለስ ነገረችው። ሳይውል ሳያድር ሚስቱን ወደ ቦንጋ እንዲያመጣት፣ ከፈለገ እዚሁ እኛ ቤት እንድትቆይ አጥብቃ ለመነችው። እሺ ብሎ ሄደ። እናቴ መደብ ላይ ትርፍ ፍራሽ አነጠፈች።

ሴትየዋ አልመጣችም። እናቴ በየገበያው ቀን ከደካ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ትጠይቅ ነበር። እኔ ፈተናዬን የወሰድሁት በዚያ መሐል ነው። አባቴ በየጠዋቱ እኔን ጃንጥላ ሥር አድርጎ፣ ራሱ እየበሰበሰ እስከ ትምህርት ቤቱ በር አደረሰኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሕይወቱን ሙሉ ይወደኝ ነበር። ክረምቱ መግቢያ ላይ ወሬው ደረሰን፤ ሴትየዋን ምጥ ሲጠናባት በቃሬዛ ተሸክመዋት ሲመጡ ወንዝ ሞልቶ አግዷቸው፣ እሷ ተርፋ ልጁ ሞቷል። እናቴ ሰማችና ፍራሹን አነሳችው። የዚያን ዕለት እራት አልሠራችም፤ ማናችንም አልጠየቅናትም።

ፈተናውን አለፍሁ። ኮሌጅ ገባሁ፣ አስተማሪ ሆንሁ። እናቴ ወደ ሥራ አልተመለሰችም። አባቴ ካረፈ ወዲህ ጅማ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው።

ልጄ የደወለች ዕለት ወደ እናቴ ክፍል ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ስንት ዘመን ልጠይቃት አስቤ የተውኩትን ጠየቅኋት። «እማዬ፣ ሥራውን በመተውሽ ይቆጭሻል?»

«ለአንቺ ስለሆነ አይቆጨኝም» አለች። ቀጥላም ጋቢዋን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ፣ «ያን ሰውዬ የሚስቱን ስም አልጠየቅሁትም። እሱ ነው የሚቆጨኝ። ስጸልይ እንኳ ያቺ ሴት እያልሁ ነው» አለችኝ።

እጇን ያዝሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኔ መማር የከፈለችው እናቴ ብቻ ትመስለኝ ነበር።