የተራቆተው ኮምፒውተርና የእማማ ጽጌ ምርቃት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሶልያና ላፕቶፗን አቅፋ ሳሎን መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ቤት የምትመጣው ልብሷን ለማሳጠብና አንድ አዲስ ነገር አሳይታኝ አፌን ለማስከፈት ነው። "አባዬ፣ እየው እስቲ" አለችኝ። አየሁ። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ከታች የሚደረደሩት ምልክቶች የሉም፣ ሰዓት የለም፣ መስኮት ሲከፈት ጥጉ ላይ የምትታየው የመዝጊያ ምልክት እንኳ የለችም። ጥቁር ባዶ ሜዳ ብቻ። "ሊኑክስ ነው፤ በዊንዶውስ ፋንታ የጫንኩት" አለች ኮራ ብላ። "ዊንዶው ማኔጀሩን ራሴ ነኝ ያስተካከልኩት። መክፈቱም መዝጋቱም በኪቦርድ ነው፤ ማውስ የሚባል ነገር አልነካም።" ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ ስታሯሩጣቸው መስኮቶቹ እየተገፋፉ ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

አባት ነኝና ማድነቅ ነበረብኝ።  ከአፌ ያመለጠኝ ግን "አማርኛ ስታደርጊውስ ይሠራል?" የሚል ጥያቄ ነው።

"ምኑ?"

"ቁልፎቹ ናቸዋ።"

ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀየረችና ያንኑ ቁልፍ ተጫነች። ምንም የለም። ደግማ ተጫነች። አሁንም የለም። ወደ እንግሊዝኛ ልትመልሰው ሞከረች፤ እሱም እምቢ አለ። ቀና ብላ ስታየኝ ፊቷ ላይ የነበረውን ድንጋጤ ወዲያው አወቅሁት። የራሴ ነው። ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጥዬው የመጣሁት ድንጋጤ ነው።

ያኔ ጋሽ ከድር የሚባሉ ሰው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ቤቱ በሁለት ጫማ ሻጮች መካከል የተሰነቀረ ጠባብ ክፍል ነው። ባንኮኒው ቀድሞ የመጠጥ ቤት ባንኮኒ ስለነበር እርጥብ ቀን ላይ አሁንም የአረቄ ሽታ ይሸታል ብለው ይምሉ ነበር ጋሽ ከድር፣ አረቄ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሰው። የስልጤ ሰው ናቸው። ከጨርቅ ንግድ ወደ ወረቀት የዞሩት ወገባቸውን ሲያማቸው ነው። የሠርግ ጥሪ፣ ማመልከቻ፣ የሙት ዓመት ካርድ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ምኑ ቅጡ፤ ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ ያለው ሰው የሚያስጽፈውን ሁሉ እንጽፋለን።

ደንበኞቻችን ከፍላሽ ጋር ቫይረስ ይዘው ይመጣሉ። ኮምፒውተሮቹ ሳምንት ሳይቆዩ ይታመማሉ። ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ቢሮ የሚሠራ ዳዊት የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። አንድ ቀን "ይሄን ቫይረስ አይደፍረውም" ብሎ የሊኑክስ ሲዲ ሰጠኝ። ጋሽ ከድርም ጥግ ላይ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር ፈቀዱልኝና ጫንኩት። እውነትም ቫይረስ አልነካውም። የነካሁት እኔ ነኝ።

የፒያሳ ልጅ በዚያ ዕድሜው ወይ ጫማውን ይወለውላል ወይ ጸጉሩን ያበጥራል። እኔ ስክሪን አበጥር ነበር። መጀመሪያ ቀለሙን ቀየርኩ። ከዚያ መስኮቶቹን የሚከፍተውንና የሚደረድረውን ዊንዶው ማኔጀር ፈታትቼ የመስኮቶቹን ጠርዝ አቀጠንኩ፤ ቀጥሎ ጠርዙን አወለቅሁት። ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ፋይል ማኔጀርም አልማርኩትም። የፎልደር ሥዕሎቹን አጥፍቼ ስማቸውን ብቻ በሁለት ረድፍ አሰለፍኩ፤ በግራ የሚጻፈው፣ በቀኝ ተጽፎ ያለቀው። አንዱን ሥራ ከግራ ወደ ቀኝ ባሻገርኩ ቁጥር የሚሰማኝ ደስታ ዛሬ በደመወዝ ቀን እንኳ አይሰማኝም። ጋሽ ከድር ከኋላዬ ቆመው ያዩና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። "አንተ ብሩክ፣ ኮምፒውተሬን አራቆትከው እኮ! ነገ ደግሞ ቆዳውን ልትገፈው ነው?"

የፈሩት አልቀረም። በጾሙ ወራት፣ በልግ ሊጥል ሰማዩ የከበደበት አንድ ማለዳ፣ የመጨረሻዋን ልብስ ገፈፍኳት። ስክሪኑ አናት ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ነበረች፤ አማርኛና እንግሊዝኛ የሚቀያየረው እሷን በማውስ ጠቅ በማድረግ ነው። አስወገድኳትና ሥራዋን ለአንድ ቁልፍ ሰጠሁት። ሳላስወግዳት ሞክሬው ነበር፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ወዲያው ተሻገረ፤ ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩት በእሷው ነው። በቁልፉ መመለሱን ግን አልሞከርኩትም። ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ መውጣቱን አይሞክርም። ማውሷንም ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት፤ ያን ያህል ነበር ጥጋቤ።

እማማ ጽጌ የመጡት ወዲያው ነው። እሪ በከንቱ የሚኖሩ፣ እናቱ የሞተችበትን የልጅ ልጃቸውን ናሆምን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ነጠላቸው ከአንገታቸው ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል። ድምፃቸው ከነጠላው ሥር እንደ ወረቀት እየተንኮሻኮሸ ነው የሚወጣው። ወንበር ሰጠኋቸው።

"ናሆም ከፋሲካ በኋላ ያገባል" አሉኝ። "እኔ ደግሞ ሰሞኑን ጉሮሮዬን ልቀደድ ነው። ሐኪሞቹ ለነፍስሽ እንጂ ለድምፅሽ ዋስ አንሆንም አሉኝ። ልጄን ሳልመርቀው ሊያገባ ነው ወይ? ምርቃቴን ጻፍልኝ።"

"እማማ፣ በካሴት ቢቀዳስ?"

"በዚህ ድምፅ? በሠርጉ ቀን ሊያለቅስ? በወረቀት ይሁንና ድምፁ የሚያምር ሰው ያንብብለት።"

ነገሩ አንጀቴን በላው። ነጭ የጽሕፈት መስኮት ከፈትኩ፤ እሱም የተራቆተ ነው፣ ምናሌ የለው፣ ጠቅ የሚደረግ ቁልፍ የለው፣ ባዶ ወረቀት ብቻ። አማርኛ አደረግሁና "ይበሉ እማማ" አልኳቸው።

እንደዚያ ያለ ምርቃት ሰምቼ አላውቅም። ምርቃት ብቻም አልነበረም። ናሆም ሕፃን ሳለ ድልድዩን መሻገር እንዴት ይፈራ እንደነበር፣ እሳቸው ከጎኑ በወንዙ በኩል ካልሆኑለት አንድ እርምጃ እንደማይራመድ እየተናገሩ፣ በመሃሉ ወደ ምርቃቱ ይመለሳሉ። "ቤትህ እንግዳ የማይፈራ ይሁን። ሚስትህ ስትቆጣ የምትሰማበት ጆሮ ይስጥህ፤ ስትስቅ ደግሞ የምታይበት ዓይን። በወንዙ በኩል የምትሆንልህን ሰው አይንሳህ፤ አንተም ለሷ በወንዙ በኩል ሁንላት።" ጥቂት ይናገሩና ያርፋሉ፤ ውኃ ይጎነጫሉ፤ ይቀጥላሉ። ሐኪሙ ድምፃቸውን እንዲቆጥቡ ነግሯቸው ነበርና የሚያወጡት ከቁጠባቸው ነው። ጋሽ ከድር ወረቀት ማጠፉን ትተው ባንኮኒው ላይ ተደግፈው እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር "አሚን!" ብለው ያሳርፉታል።

እኔም በየመሃሉ ጽሑፉ እንዲቀመጥ ኮንትሮልና የኤስን ቁልፍ እጫናለሁ። ስክሪኑ ዝም ይላል። ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠርኩት።

የመጨረሻው "አሜን" ላይ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ፣ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩን በባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ዩፒኤስ "ጢጥ፣ ጢጥ" ማለት ጀመረ። አልደነገጥኩም ነበር፤ ፒያሳ ላይ ዝናብና መብራት አብረው ውለው አያውቁም። በደንብ ዘግቼ ላጥፋው ብዬ የመዝጊያውን ቁልፍ ተጫንኩ። አልተዘጋም። የማስቀመጫውን ተጫንኩ። የቋንቋውን ተጫንኩ። አንዱም አልሠራ። ያኔ ነው የገባኝ። ትእዛዞቼን ሁሉ ያሰርኩት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ኪቦርዱ አማርኛ ከሆነ ደግሞ እነዚያ ፊደሎች የሉም። ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ቁልፍም ራሱ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ስለዚህ ጠዋቱን ሙሉ አስቀመጥኩት ያልኩት ሁሉ አልተቀመጠም። ምርቃቱ ያለው ስክሪኑ ላይ ብቻ ነው፤ ስክሪኑን ደግሞ ያቆመው ዩፒኤሱ ነው።

በድንጋጤ ቁልፎቹን ስደበድብ ከ"አሜን" በኋላ "ስስስስስ" ተጻፈ። ማውሷን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰካኋት። ቀስቷ ንጹሑ ወረቀት ላይ ወዲያ ወዲህ አለች፤ ጠቅ የሚደረግ ነገር ግን አንድም አላስቀረሁላትም።

"ምን ሆንክ?" አሉ ጋሽ ከድር።

"ተቆልፎብኛል ጋሼ።"

"ታዲያ ነቅለህ ሰካዋ!" እጃቸው ወደ ሶኬቱ ሄደ። የቤታችን መድኃኒት ይሄ ነው፤ ፕሪንተር ቢያብድ፣ ስልክ ቢያኮርፍ፣ ነቅሎ መሰካት።

"እንዳይነኩት ጋሼ! ከነቀሉት ይጠፋል!"

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። እማማ ጽጌ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠበቅ አደረጉት። ይድገሙልኝ ልላቸው አልችልም። ድምፁም አልቆባቸዋል፤ ደግሞም ከልብ የወጣ ምርቃት ደግመው ሲሉት ያው አይሆንም። ጋሽ ከድር እስክሪብቶ አንስተው ከስክሪኑ ላይ መገልበጥ ጀመሩ፤ የተጻፈው ግን ብዙ ገጽ ነው፤ ሁለት መስመር ሳይጨርሱ ጢጥታው የፈጠነ መሰለኝ። 

"ለዳዊት ይደውሉልኝ!" አልኩ። የመስመር ስልካችን መብራት አይፈልግም፤ ሽቦው ግን ከባንኮኒው አያልፍም። ስለዚህ ጋሽ ከድር መነጋገሪያውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው እዚያው ቆሙ፤ ዳዊት የሚላቸውን ጮክ ብለው ይነግሩኛል።

"ኮንትሮል፣ አልት፣ ኤፍ አንድ በል ይልሃል!"

ተጫንኩ። ነጩ ወረቀት እልም አለ። ድርግም ያለ ጥቁር።

"ጠፋ?" አሉ እማማ ጽጌ በሹክሹክታ።

"አልጠፋም እማማ፣ ከጀርባው ነው ያለው" አልኩ። ዳዊት ያለውን ነው የደገምኩት እንጂ እኔማ አላመንኩም ነበር።

ጥቁሩ ስክሪን ስሜን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። የይለፍ ቃሌን ጠየቀኝ፣ ተሳሳትኩ፤ ደግሜ ሰጠሁት። ደግነቱ እዚያ ጥቁር ቤት ውስጥ ሁሌም ፊደሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ያላስተካከልኩት፣ እጄ ያልደረሰበት ብቸኛ ቦታ እሱ ነበር። ጋሽ ከድር ድሮ ሱቃቸው ውስጥ ጨርቅ ይለኩ እንደነበረው አንድ አንድ ፊደል እየቆረጡ ላኩልኝ፤ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልስ የምትል አጭር ትእዛዝ ናት። አስገባሁ። ስክሪኑ ምንም አላለም።

"አሁን ኤፍ ሰባት ይልሃል! ቢስሚላህ በል!"

ተጫንኩ። ነጩ ወረቀት ብቅ አለ። ምርቃቱ ከነ"ስስስስሱ" ቁጭ ብሏል። ኮንትሮል ኤስ ስጫን ስሙን ምን ልበለው ብሎ ጠየቀኝ። ጠዋቱን ሙሉ ስለምነው ዝም ያለኝ ነገር ሲጠይቀኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! በእንግሊዝኛ ፊደል "ናሆም" ብዬ አስቀመጥኩት፤ ፋይል ማኔጀሩን ከፍቼ በግራው ረድፍ ላይ ስሙን አየሁ፤ ወደ ቀኙ ረድፍ ገለበጥኩት፤ ወደ ፍላሽም ገለበጥኩት። ከዚያ "አለ!" አልኩ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ጋሽ ከድር "አልሐምዱሊላህ" ብለው ስልኩን ዘጉ፤ ዳዊትን ግን ሳያመሰግኑት ስለዘጉበት ደግመው ደወሉለት። ዩፒኤሱ እንደሆነ ከሁላችንም የተረጋጋ ኖሯል፤ መብራት እስኪመጣ ድረስ እየጮኸ ቆየ። ጋሽ ከድር ከጎረቤት ትኩስ የምስር ሳምቡሳ አስመጡ። ዝናቡ ደጁን እየደበደበ፣ ቃሪያው አፋችንን እያቃጠለን በላን። ያን ቀን የበላሁትን ሳምቡሳ የሚያህል ከዚያ በኋላ በልቼ አላውቅም።

ወረቀቱ ሲታተም እማማ ጽጌ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። "ይቺ ስስስ ምንድን ናት?"

"የኔ ፍርሃት ናት እማማ። ላጥፋት።"

ሳቁ፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ። ከዚያ እጄን ያዙኝ። "አንተንም ልመርቅህ። ይቺን ግን አትጻፋት።" የቀራቸውን ትንፋሽ አጠራቅመው "መግቢያህን ያሳምረው፤ መውጫ አያሳጣህ" አሉኝ።

ከባንኮኒው ማዶ "አሚን!" የሚል መጣ።

በሠርጉ ቀን ወረቀቱን እንዳነብብ የተጋበዝኩት እኔ ነበርኩ። በተውሶ ኮት፣ በደረቴ ኪስ ምርቃቱን ይዤ ስጠብቅ፣ እማማ ጽጌ ከመቀመጫቸው ተነሡና በእጃቸው "ቁጭ በል" አሉኝ። ከጉሮሮ ቀዶ ሕክምናው የተረፈው ድምፃቸው ወፍሮ፣ ሻክሮ፣ ግን የራሳቸው ሆኖ ወጣ። ናሆምን መረቁት። ከወረቀቱ ላይ የነበረውን አንድም አላሉም፤ ሌላ ምርቃት ነበር፤ የወንዙን ነገር ብቻ አልረሱትም። ወረቀቱ ሳይነበብ ኪሴ ውስጥ ቀረ። አንድ ሥራዬ ከንቱ ስለቀረ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን የለም።

ዛሬ ያ ጽሕፈት ቤት የለም፤ በቦታው ሰፊ መንገድ አልፏል። ይህን ሁሉ ለሶልያና ስነግራት ላፕቶፗ እንደተቆለፈ ጭኗ ላይ ነበር፤ ያላስቀመጠችው የቤት ሥራ አለበት። ወደ ጥቁሩ ስክሪን የሚወስዳትን ቁልፍ አሳየኋት። ቀሪውን ራሷ አወቀችው፤ ልጆች ከኛ ይፈጥናሉ። ሥራዋ ብቅ ሲል እፎይ ስትል ሰማኋት፤ እኔም አብሬያት እፎይ አልኩ፣ ለአሁኑም ለያኔውም። ከዚያ ቁልፎቿ በሁለቱም ፊደል እንዲሠሩ አድርጋ አስተካከለች፤ ለእኔ ያልታየኝ ነገር ነው።

"መውጫ አያሳጣሽ" አልኳት።

"አሜን" አለችና ከቦርሳዋ ማውሷን አውጥታ ሰካች።