ደሳለውና የማይናገረው ጂፒኤስ

ደሳለው የላም አዳቃይ ነው። ላም ኮርማ ስትፈልግ ባለቤቷ ይደውልለታል፤ እሱም የተመረጠውን ዘር ሞተር ሳይክሉ ላይ ጭኖ ከደብረ ታቦር ይወጣል። ላሚቱ ቢበዛ ግማሽ ቀን ነው የምትጠብቀው፤ ካረፈደ የጎረቤት ኮርማ ይቀድመዋል። ጓደኛዬ ቢሆንም እውነቱን ልናገር፤ ሙያውን ያውቃል፣ መንገድ ግን አያውቅም። አሥር ጊዜ የሄደበት ቤት በአሥራ አንደኛው የሚጠፋበት ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

መንገድ መጠየቅ ደግሞ በእኛ አገር ቀላል አይደለም። ከጋፋት ወዲያ ያለን ገበሬ «እገሌ ቤት በየት ነው?» ብለህ ብቻ አታልፍም። መጀመሪያ ከሞተርህ ትወርዳለህ። እንዴት ከረማችሁ፣ ልጆቹ፣ አዝመራው፣ ዝናቡ። ቀጥሎ የማን ልጅ እንደሆንክ ይጣራል፤ ሲጣራ ደግሞ ዝምድና አይጠፋም። ዘመድ ጠላ ሳይቀምስ አይሄድም። ደሳለው ሦስት ቤት ከጠየቀ ቀኑ ሄደ ማለት ነው።

በዚህ ሰበብ የወይዘሮ ብርነሽ ላም ሁለት ጊዜ ሰዓቷ አልፎ አመለጠችው። ወይዘሮ ብርነሽ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጃቸው ኤሌኒ በቅርቡ ከዓረብ አገር የተመለሰችላቸው ሴት ናቸው። ምኞታቸው አንዲት ዲቃላ ጊደር ነበረች፤ ኤሌኒ ወተት እየሸጠች እንድትቀመጥላቸው፣ እንደገና ጥላቸው እንዳትሄድ። ደሳለው ለሁለተኛ ጊዜ ዘግይቶ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ «ሦስተኛ ካመለጠችኝ ይህን ሥራ እተወዋለሁ» አለኝ። በማግሥቱ መንገድ የሚመራ ጂፒኤስ ልንመርጥ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴው ፋሲል ሱቅ ገባን።

ፋሲል መጀመሪያ ሰፊ መስታወት ያለውን አወጣ። ያምራል። «ዝናብ ይችላል?» አልኩት። ፋሲል ጣራ ጣራውን አየ። የደብረ ታቦርን ክረምት ለሚያውቅ ይኸ በቂ መልስ ነው። ስልኩንስ እንዳይጠቀም፣ የደሳለው ስልክ በጓንት ሲነኩት አይሰማም፤ ኮረኮንቹ ፒስታ መንገድ ላይም አንዴ ከመሪው ተስፈንጥሮ ጎማ ሥር ገብቷል። ሁለተኛው ጂፒኤስ ውኃ አያስገባም፣ ከሞተሩ ባትሪ ኃይል ይስባል፣ በዚያ ላይ ይናገራል። «ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ ወደ ግራ ታጠፍ ይልሃል» አለ ፋሲል ኮራ ብሎ።

«ተናጋሪ አልፈልግም» አለ ደሳለው። «እኔ እዚህ የመጣሁት ወሬ ሸሽቼ ነው።»

የመረጠው ሦስተኛውን፣ የልብስ ሳሙና የሚያክለውን ዲዳ ነው። ቁልፎቹ በጓንት ይጫናሉ፤ ፀሐይ ላይም ይነበባል። የገበሬ ቤት ስለማያውቅ ደሳለው ራሱ እየዞረ ቤቶቹን መዘገበበት፤ ከሁሉ አስቀድሞ የወይዘሮ ብርነሽን በር። ከዚያ ወዲያ መስታወቱ ላይ አቅጣጫ የምታሳየውን ቀስት ተከትሎ መብረር ሆነ። ሰው እጁን ሲያነሣለት ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። እኔ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አልኩት፤ ሥቆብኝ ሄደ።

ወይዘሮ ብርነሽ እንደገና ሲደውሉ ማለዳ ነበር። ደሳለው ቁርሱን ትቶ ተነሣ። ጋፋትን አልፎ ትንሽ እንደሄደ አባ ይሻው የሚባሉ ሽማግሌ መንገድ ዳር በራቸው ላይ ሆነው ጋቢያቸውን ሲያውለበልቡ አየ። «ጠላ ደርሷል ማለት ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀና አለፈ። አንዲት ሴት ከኋላው ጮኸች፤ ድምጿን ሞተሩ ዋጠው። ሰዎች ሲከተሉት በስፖኪዮ አይቶ ጭራሽ ነዳጅ ጨመረ። ቀስቷ አልተሳሳተችም፤ ልክ ከወይዘሮ ብርነሽ በር ላይ አቆመችው። ደሳለው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ ደረሰ።

በሩ ተቆልፏል። በረቱም ባዶ ነው።

ለካ ወይዘሮ ብርነሽ «ልጁ የሚዘገየው ቤታችን ርቆበት ነው» ብለው አዝነውለት፣ ላሚቱን ከኤሌኒ ጋር እየነዱ አባ ይሻው በር ድረስ አምጥተውለት ኖሯል። ቢደውሉለት ሞተር ላይ ሆኖ አልሰማም፤ የጮኹትም እሳቸው ነበሩ። ደሳለው ሲያልፍ፣ በሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ «ቁም» እያለ ከኋላው ሮጠ፤ ላሚቱን የሚጠብቅ አልቀረም። የአባ ይሻው ኮርማ ግን ሞተር ተከትሎ የሚሮጥ ዓይነት አይደለም።

ደሳለው ግራ ገብቶት ሲመለስ ሁሉም አባ ይሻው በር ላይ ቆመዋል፤ ኮርማው ከላሚቱ አጠገብ ሆኖ ሣሩን ይግጣል። ማንም ሳይነግረው ገባው። ከሞተሩ ወርዶ «ይቅር ይበሉኝ» አለ። ዐይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ኤሌኒን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«ሁለቴ ስትዘገይብኝ አልተቀየምኩህም» አሉት ወይዘሮ ብርነሽ። «ሰው ይዞት ነው ብዬ። ዛሬ ግን ላሜን ይዤ መንገድ ዳር ቆሜ ብጠራህ ጥለኸኝ ሄድክ።» ወደ ኮርማው ዘወር አሉ። «እሱን ተመልከተው። ማንም ሳይጠራው፣ ሲያልፍ ላሜን አያት፤ ቆም ብሎ እንዴት አደርሽ አላት።»

አባ ይሻው ሣቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ኤሌኒም ሣቀች፤ ሣቋ ሲያበቃ ግን ደሳለውን ትክ ብላ አየችው።

«ላሚቱ ወልዳ እንደገና ኮርማ እስክትፈልግ አንድ ዓመት እጠብቃለሁ» አለችው። «ከዚያ ካለፈ እሄዳለሁ።»

ደሳለው ያን ቀን አባ ይሻው ቤት እስኪመሽ ተቀመጠ።