ኤላት ድረስ የወሰድነው ዓሣ

ጠዋት፣ ራማት ቬርበር ሰፈር

ከልጄ ከአቪታል ጋር ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣን። በሁለት እጇ ትንሽ የበረዶ ሣጥን አቅፋለች፤ ሣጥኑ ውስጥ ጨዋማ ውሃ የሞላ ጠርሙስ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ከጣቴ አንጓ የማይበልጥ አንድ ዓሣ አለ። ደቡብ ጫፍ ያለችው የባሕር ከተማ ኤላት የምንሄደው የዚህን ዓሣ ዓይነት የሚነግረን ሰው ዘንድ ነው።

አቪታል ክፍሏ ውስጥ ዓሦች የምታኖርበት አኳሪየም የጓደኛዋ የኖዓ ነበር። ሁለቱ ጻባ፣ ጦር ሠራዊቱ ውስጥ፣ አብረው አገልግለዋል። ኖዓ ባለፈው ዓመት በመኪና አደጋ ስትሞት፣ ኤም ሃሞሻቮት ሰፈር የሚኖሩት ወላጆቿ አኳሪየሙን ለአቪታል ሰጧት። ከዚያ ወዲህ ልጄ ሥራም አልያዘች፣ ሰውም አታገኝም፤ ክፍሏን ዘግታ ዓሦቹን ትጠብቃለች። በቅርቡ ከገዛችው የባሕር ድንጋይ ቀዳዳ ይህ ዓሣ ብቅ አለ፤ ጎኑ ላይ ብርቱካናማ መስመር፣ ከዓይኑ ኋላ ሰማያዊ ነጥብ አለው። ኔቬ ኦዝ ሰፈር ያለው ዓሣ ሻጭ አላወቀውም። ፎቶውን የላከችላት አንዲት የኤላት የዓሣ ተመራማሪ ግን “አምጡልኝ” ብላ ጻፈች።

አቪታል ከክፍሏ ወጥታ “አባ፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ?” ስትለኝ፣ የዚያኑ ቀን ከምሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ጠየቅኩ።

በመንገድ

ቴል አቪቭ ላይ የኤላት አውቶቡስ ያዝን። ሹፌሩ ሣጥኑ ከታች ካልተጫነ አለ።

“ነፍስ ያለው ነገር ነው” አልኩት።

ክዳኑን ከፍቶ አየና፣ “በሰደር፣ እሺ፣ ጉልበቷ ላይ ትያዘው። ያላ፣ ግቡ!” አለ።

ቤር ሼቫን ካለፍን በኋላ ልምላሜ ጠፋ። በዓራባ በረሃ፣ የተምር ዛፍ ካለበት ማረፊያ ስንቆም በአርባ ሼቄል አንድ ሳንድዊች ገዝቼ ለሁለት ተካፈልን። አቪታል ጠርሙሱ ላይ ያለው የአየር መንፊያ መሥራቱን ደጋግማ ታያለች። ምን እንደሆነች ልጠይቃት እያልኩ ተውኩት። ቀይ ተራሮችን እያየን ተጓዝን።

ኤላት

ተመራማሪዋ ሩት ትባላለች፤ ጠጉሯ የሸበተ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ዓሣውን ጠባብ ብርጭቆ ውስጥ አድርጋ በአጉሊ መነጽር አየችው፤ መጻሕፍት አገላበጠች። አንድ ሰዓት ያህል ቆየን።

“ወገኑ ጎቢ ነው” አለች በመጨረሻ። “የትኛው ጎቢ እንደሆነ ግን አላውቅም። ምናልባት እስካሁን ማንም ስም ያላወጣለት ይሆናል። ለትክክለኛ ዚሁይ፣ ማንነቱን ለይቶ ለማወቅ፣ የክንፉን አጥንቶችና ቅርፊቶቹን መቁጠር አለብኝ።”

“በሕይወት እያለ?” አለች አቪታል።

“አይሆንም። መሞት አለበት።”

ልጄ ተነሥታ ወጣች። ተከትያት ስወጣ የባሕሩ ዳር አጥር ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

“አባ፣ ሆስፒታል ለኖዓ አስከሬን ዚሁይ ያደረግኩት እኔ ነኝ” አለች። “ወላጆቿ ገና መንገድ ላይ ነበሩ። ‘ታውቂያታለሽ?’ አሉኝ። ጨርቁን ገለጡት። ‘አዎ፣ ኖዓ ናት’ አልኩ። ይህን እስክናገር ድረስ በሕይወት ያለች ይመስለኝ ነበር።”

ይህን አንድም ቀን አልነገረችንም ነበር። እጇን ያዝኩ። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

ተመልሰን ስንገባ አቪታል ሩትን “ወደ ቤት እንወስደዋለን” አለቻት።

ሩት አልተቆጣችም። “ጥሩ። በራሱ ጊዜ ሲሞት በአልኮል አኑሪልኝ” አለችና ጠርሙሱ ላይ “ጎቢ፤ ዓይነቱ ያልታወቀ” ብላ ጻፈችበት።

ቤት

ማምሻውን ደረስን። ዓሣው አኳሪየሙ ውስጥ እንደገባ ድንጋዩ ሥር ተሸሸገ። ታየች የምትባለው ባለቤቴ “ስሙ ታወቀ?” ብላ ጠየቀች። አቪታል ወጥ ቤት ከእናቷ ፊት ተቀመጠችና ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገረቻት።

ዓመት ሙሉ በዘጋችው በር ላይ ቆሜ “ምን ሆንሽ?” ስላት ኖሬያለሁ። ለካ ልጄን የከበዳት፣ ከሆስፒታሉ ‘ታውቂያታለሽ?’ በኋላ፣ እንደገና ለጥያቄ መልስ መስጠት ነበር። ያን ቀን ምንም ሳልጠይቃት አምስት ሰዓት አብሬያት ስለተጓዝኩ ነገረችኝ። ታየች የልጇን ራስ ደረቷ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች፤ የቀረበው ራት ቀዘቀዘ፣ ማንም አልነካውም።