በካርቡሬተሩ ውስጥ የተገኘው ሰም
ቤንዚን በሸተተኝ ቁጥር እንጅባራ ግቢያችን ትዝ ይለኛል። ዩኒቨርሲቲ የምመዘገብበት የመጨረሻ ቀን ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ የቀረነው እኔና አባቴ ብቻ ነን። «በአውቶቡስ አትሄጂም፤ ባሕር ዳር እኔው አደርስሻለሁ» ብሎኝ ነበር። ጠዋት አሮጌዋ መኪናችን አልነሳ አለች።

መካኒኩ ጎረቤታችን ጋሽ ደሴ ካርቡሬተሩን ፈቱት። ቤንዚን የሚያልፍባትን ጠባብ ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ሲጎረጉሯት ቢጫ ነገር ወጣ። በጣታቸው አሽተው አሸተቱት።

«የጧፍ ሰም ነው» አሉ አባቴን እያዩ። «በራሱ እዚህ አይገባም። ልጅቷ ቆማለች፤ አንተው ንገራት።»

አባቴ አቀረቀረ። «ቤቱ ጭር ይልብኛል ብዬ ነው» አለ።

ጋሽ ደሴ ካርቡሬተሩን መልሰው ሲገጥሙ ሻንጣዬን አንስቼ ወጣሁ። ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ። አባቴ «ግቢ፣ ልጄ» እያለ እስከ መናኸሪያው በዝግታ ተከተለኝ። አልገባሁም።

ዛሬም ልጠይቀው ስሄድ፣ «መጥቼ ልቀበልሽ?» ይለኛል። በባጃጅ እመጣለሁ እለዋለሁ።