ቤቱ ከነመሬቱ

«ቤቱ ከነመሬቱ ነው» አለኝ ደላላው፣ ሻይ በዳቦ እንደሚያቀርብ አስተናጋጅ። ዛሬም ደሴ ፒያሳ ላይ ሳየው መንገድ የምቀይረው እሱን ፈርቼ አይደለም፤ እጄን ፈርቼ ነው።

«ቤት» ያለው ኮንቴይነር ነበር። ከጅቡቲ ዕቃ ጭኖ መጥቶ ኮምቦልቻ የቀረ። አንድ በያጅ በርና ሁለት መስኮት ቆርጦ አውጥቶለት፣ ውስጡን ቺፑድ አልብሶት፣ ውጭውን ሰማያዊ ቀብቶታል። የቆመው ግን ኮምቦልቻ ሳይሆን ከደሴ ወጣ ብሎ ገራዶ፣ የበያጁ እናት ማሳ ዳር ላይ ነበር። ለምን እዚያ ድረስ እንደተጎተተ ለማንም የአገሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። መሬት አይሸጥም፤ የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። ስለዚህ መሬት መሸጥ የፈለገ ቤት ይሠራበታል፤ ለመሥራት ጊዜ የሌለው ደግሞ ቤቱን በመኪና ጭኖ ያመጣዋል። ክሬኑ ያወርደዋል፤ በማግሥቱ «የመኖሪያ ቤት ሽያጭ ውል» ይጻፋል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ ብጽፍ ውሸታም እሆናለሁ።

ያስቸኮለኝ የእናቴ ነገር ነው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ተከራይተን ስንኖር አከራያችን «ልጄ ከአረብ አገር ልትመጣ ነው፣ ቤቱን ልቀቁልኝ» አለችን። ከዚያ በፊት የነበረችው ውሃ አበዛችሁ ብላ ነው ያስወጣችን። ከእሷ በፊት የነበረው ምክንያት እንኳን አልሰጠንም። እናቴ በኪራይ ቤት ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር፣ ድምፁ ግድግዳውን አልፎ አከራይ እንዳያስቀይም። ሰው በሰባ ዓመቱ ሳቁን ይደብቃል? አንድ ቀን ዕቃ ስንጭን «ውጪ የማልባልበት ቦታ ላይ ብሞት ምን ነበር» አለች። እኔ ያን ቀን ደላላ ፍለጋ ወጣሁ።

በያጁ ጨዋ ይመስል ነበር። «ድርሻዬ ነው፣ ከአባቴ የደረሰኝ» አለኝ። «እናቴም ተስማምታለች፤ ይኸው ጣቷ።» ወረቀቱ ግርጌ ላይ ወይን ጠጅ የጣት አሻራ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አባቱ ካረፈ ወዲህ የመሬት ወሬ ሲነሳ እናቱ እንደምታለቅስ ነገረኝ። «አደራ እህቴ፣ እንዳታነሺባት።» አላነሳሁም። እንዲያውም እናቱን የሚያስብ ልጅ ነው ብዬ ወደድኩት።

የምሠራው ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራዬ መጠየቅ ነው። ስምዎ? ዕድሜዎ? ከየት ነው የመጡት? አገር ምድሩን ስጠይቅ ውዬ፣ መጠየቅ የነበረብኝን አንዲት ሴት ብቻ በይሉኝታ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ገባን። እማማ፣ የበያጁን እናት እንዲህ ነበር የምላቸው፣ ቤታቸው ከእኛ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። በመጀመሪያው ቀን አሬራ በቅል ይዘው መጡ። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብ ግን አሬራ ልከው አያውቁም፣ ድንችና ካሮት ነው የሚልኩት። እኔ የምዘነጋውን ጾም እሳቸው ያስታውሱ ነበር። በመጡ ቁጥር እናቴን ትከሻዋን መታ መታ እያደረጉ «አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ ሁሉም ያልፋል» ይላሉ። ይህች ነገር ታናድደኝ ነበር። ምኑ ነው የሚያልፈው? ገና አሁን ቤት ገዝተን!

እናቴ ግን ተለወጠች። ደጃፉ ላይ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች፤ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ከእማማ ጋር ሲጫወቱ ሳቋ ማሳው ማዶ ይሰማል። ኮንቴይነሩ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ዝናብ ሲጥል መነጋገር አይቻልም። እሷ አንድም ቀን አላማረረችም።

ክረምቱ ሲወጣ አጥር ላጥር ተነሳሁ። የባሕር ዛፍ ቋሚ ገዝቼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ዶማ ይዤ ጉድጓድ መቆፈር ጀመርኩ። እማማ ሲመለከቱኝ ቆይተው መጡ።

«ምነው ልጄ፣ በአላህ፣ ይኼን ሁሉ ትለፊያለሽ?» አሉኝ። «ነገ ለምትሄዱት አጥር ምን ያደርግላችኋል? እንጨቱን ብታነዱት አይሻልም?»

ቱግ አልኩ። መሬቱን ሊቀሙኝ የመጡ መሰለኝ። «የት ነው የምንሄደው እማማ?»

«አገራችሁ ነዋ! ሰላም ሲሆን ትመለሱ የለ?» አሉ፣ እሳቸው ግራ ገብቷቸው። «ልጄ ነግሮኛል። ‹ተፈናቃዮች ናቸው፣ ቤቱን እርዳታ የሚሰጡ ሰዎች ናቸው ያቆሙላቸው፣ ማሳሽ ዳር ይጠጉ፣ ለመፍቀድሽ ጣትሽን አድርጊ› አለኝ። ሰው ለማስጠጋትማ ወረቀት ምን ይሠራል፣ አጅሩ ከአላህ ነው ብዬው ነበር። እምቢ ሲለኝ አደረግሁለት።»

ዶማውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ለካስ አሬራው የጉርብትና አልነበረም። ለካስ አብሽሪው ለስደታችን ነው። አነጋገራችን እንኳን አላጠራጠራቸውም፤ ያኔ ደሴን የሞላው ተፈናቃይ ብዙው ወሎዬ ነበር። እኔ በየቀኑ ደሴ ስመላለስ ሥራ አግኝታ ነው ብለው ደስ ብሏቸዋል። እሳቸውም መቼ ትሄዳላችሁ ብለው አልጠየቁም፤ እንግዳ እንዲያ አይባልም። ሁለታችንም በጨዋነታችን ተበላን።

እናቴ ደጃፉ ላይ ምስር እየለቀመች ሁሉንም ሰምታለች። ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሳች። «ነይ እህቴ፣ አረፍ በዪ» ብላ የራሷን በርጩማ ለእማማ ለቀቀች። ከዚያን ሰዓት ወዲህ እግሯን ዘርግታ ስትቀመጥ አላየኋትም።

ሰኞ ከሥራ ቀርቼ ኮምቦልቻ ወረድኩ። በያጁ ከሠራተኞቹ ጋር በር እየበየደ ነበር። ሰላምታ አልሰጠሁትም። እዚያው ሰው ፊት ሌባ አልኩት። እናቱን የካደ አልኩት። ሌላም ብዙ ብዬዋለሁ፤ የቀረውን ወረቀት አይችለውም። ክንዴን ይዞ ወደ ጓሮ ሊወስደኝ ሲሞክር አጠገቤ የነበረውን ካርቶን ገፍቼ የመበየጃውን ዘንግ በሙሉ መሬት ላይ በተንኩት።

«ወላሂ እህቴ፣ አፈር ስሆን፣ ድምፅሽን ቀንሺ» አለኝ። «እናቴ ብትሰማ ትሞታለች።»

«ማሳዋን ስትሸጥባት አልሞተችም?»

«ነገ ያው የእኔ አይደል? ደግሞ ጣቷ አለበት፣ ማን ይነካሻል?» ጎንበስ ብሎ ዘንጎቹን መልቀም ጀመረ። ቀና ሳይል ጨመረ፦ «ዝም ብለሽ ተቀመጪ። እሷ እንደሆነ አርጅታለች። ካለፈች በኋላ ማን ይጠይቅሻል?»

ተፍቼበት ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ አሁንም ስድቤ አላለቀም ነበር። እንዴት ያለ ልጅ ነው፣ እላለሁ በሆዴ፣ እንዴት ያለ አረመኔ ነው። ካርድ ክፍል ዕድሜያቸውን የማያውቁ አዛውንቶች ሲመጡ ፊታቸውን አይቼ ገምቼ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ብዙ አልሳሳትም። እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሰሞኑን ደግሞ ሳል ይዟቸዋል። ሰባ ስምንት፣ ግፋ ቢል ሰማንያ። ይህን እያሰብኩ ዳገቱን ጨርሰን ደሴ ልንገባ ስንል፣ ምን እያሰላሁ እንደመጣሁ ገባኝ። በያጁን ከሰደብኩት ስድብ ለእኔ የማይሆን አንድም አልነበረም።

ያም ሆኖ ወረቀቱን አልቀደድኩትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሣጥን ውስጥ ቆልፌበት ከእናቴ ጋር ተጨቃጨቅሁ። «ለእኔ ነው እንዴ?» እያልኩ ጮህኩባት። «ላንቺ አይደል? ወዴት ልውሰድሽ?» ብዙ ጊዜ ምስሯን መልቀሟን ትቀጥላለች። አንድ ቀን ግን «በእንግድነት የበላሁትን እህል በባለቤትነት አልረግጠውም» አለች፤ ከዚያ በኋላ የእማማን አሬራ መቀበል አፍራ «ሆዴን አሞኛል» እያለች ትመልስ ጀመር። እማማ «ታመመች» ብለው ጤና አዳም ይዘው መጡ። ያኔ ተሸነፍኩ።

ስለ ገንዘቡ አልጽፍም፤ ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ እስከ ዛሬ «ኢንሻአላህ» ነው። በያጁ ኮንቴይነሩን ሊያስነሳ ተስማማ። እኔ ከመውጣታችን በፊት ለእማማ ሁሉንም ልነግራቸው ቆርጬ ነበር። ልጃቸው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይወቁት! እናቴ በሩ ላይ ቆማ አላሳልፍ አለችኝ።

«ማሳዋን ልንወስድባት ነበር» አለች። «ልጇንም እንውሰድባት?»

ክሬኑ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ኮንቴይነሩ ሲነሳ ከሥሩ የነበረው ሣር ገርጥቶ፣ አፈሩ ተደፍጥጦ ታየ። በያጁ ራሱ አልመጣም፤ ሰው ነው የላከው። እኛ አልጋችንንና ዕቃችንን በሌላ መኪና ጭነናል። ቧንቧ ውሃ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ፤ አዲሷ አከራይ ገና ሳንገባ «ሰው አታብዙ» ብላኛለች። ከገራዶ እዚያ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

እማማ፣ አገራቸው ሊገቡ ነው ብለው፣ በጨርቅ የታሰረ በሶ ይዘው መጡ። «ለመንገድ ነው» አሉ። «መንገዱ ሩቅ ይሆናል፣ የምግብ ቤት ምግብ አትመኑ።» ለእኔ ሰጥተው እናቴን አቀፏት፤ ሁለቱም አለቀሱ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ምክንያት። ከዚያ እማማ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ዱአ አደረጉ።

«አላህ ለአገራችሁ ያብቃችሁ። ደጃችሁን እንደተዋችሁት ያቆያችሁ። ዳግመኛ ከቤታችሁ አያስወጣችሁ።»

«አሚን» አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ። በዚያች ሰዓት ተናድጄ የነበረው በሳቸው ነው። እንዲህ ያለ ደግነት ባይኖር ኖሮ እዚያው መሬት ላይ እንደ ሌላው ሰው ተጣልቼም ቢሆን እቀመጥ ነበር።

እናቴ ጋቢና ውስጥ ስትገባ እማማ በሩን ይዘው ቆሙ። የሆነ ነገር ሲከብዳቸው ያስታውቃል።

«ሆድ እንዳይብሳችሁ ብዬ እስከ ዛሬ ሳልጠይቅ ኖርኩ» አሉ። «ለመሆኑ አገራችሁ ወዴት ነው?»

እኔ ወደ እናቴ ዞርኩ። ሹፌሩ ሞተር አስነስቷል።

«ሩቅ ነው እህቴ» አለች እናቴ።